የተገለበጠው ሌንስና የአናጢው አውራ ጣት

ባሌን በስሙ የሚጠራው ሰው በሰፈራችን የለም። «አትንቀሳቀስ» ነው የሚሉት። ሠላሳ ዓመት በዚያች ጠባብ ፎቶ ቤቱ ለመታወቂያም ለሠርግም የመጣውን ሁሉ «አትንቀሳቀስ! አንቺም አትንቀሳቀሺ!» ሲል ኖሮ ስሙ ሆኖ ቀረ። የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙት ቀጥ ብለው ቆመው ዐይናቸውን ያፈጡበታል፤ እሱም ከምሩ «አገጭህን ዝቅ አድርግ» ብሏቸው ያልፋል። እኔን ሲቀልድም ሲያመርርም እኩል ያናድደኛል። ሠላሳ ዓመት ከአንድ ሰው ጋር ኑሩና እናንተም ትናደዳላችሁ።

ሙያውን ግን አልክደውም። ሰው ወደሱ የሚመጣው ለመነሳት ብቻ ሳይሆን ለማማርም ነበር። ድሮ በቀጭን ብሩሽ፣ ኋላ ደግሞ በኮምፒውተር፣ የብጉሩን ምልክት፣ የዐይን ስር እብጠቱን፣ የልጅነት ጠባሳውን ያጠፋለታል። ያጠፋበት ቦታም ጨርሶ አያስታውቅም። አንዷ ሙሽራ እንዲያውም ፎቶዋን አይታ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብላ አኩርፋ ወጥታለች። ከዚያ ስልክ መጣና ሁሉም ራሱን ማንሳትም ማሳመርም ቻለ። ፎቶ ቤቱ ወረቀት ኮፒ ማድረጊያ ሆነ፤ ባሌም ቁጭ ብሎ ማንም የማይጠቀምባቸውን ሌንሶች ሲወለውል ይውላል።

ነገሩ የመጣው በታናሽ እህቱ በኩል ነው። ባሏ አናጢ ነበር። ስምንት ወር ሆነው ከሞተ። ሦስት ልጆችና በገዛ እጁ የሠራትን ባለ ሦስት ክፍል ቤት ትቶላት ነው የሄደው። ቢያንስ እኛ የመሰለን እንደዚያ ነበር። ቀብሩ ሁለት ወር ሳይሞላው የአናጢው ታላቅ ወንድም ወረቀት ይዞ ከች አለ። ወረቀቱ «እናትና አባቴ ከሞቱ በኋላ እንደ አባት ሆኖ ላሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ይህን ቤት በስጦታ ሰጥቻለሁ» ይላል። አናጢው መጻፍ ስለማይችል ከታች የአውራ ጣት አሻራ አለበት። ቀኑ ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው።

«ባሌ ከኔ ደብቆ ጣቱን የትም አያስቀምጥም!» አለች እህትየው። «ጨው እንኳ ሲገዛ ነግሮኝ ነው የሚወጣው።»

እኛም አመንናት። ማን አያምናት! ያንን አናጢ የሚያውቅ ሁሉ ያምናታል። ክርክሩ ፍርድ ቤት ገባና ስድስት ወር ተጎተተ። ታላቅ ወንድምየው ሲጠየቅ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው፤ «ፊቴ ቆሞ ነው ያተመው።» ሌላ የሚለው የለም። እኔ ደግሞ ነገረኛ ሰው ከሚለፈልፈው ይልቅ አንድ ቃል ይዞ የሚቀመጠው ነው የሚያስፈራኝ።

አሁን ልብ በሉልኝ። አናጢው ከመሞቱ አራት ዓመት በፊት የቀኝ አውራ ጣቱን መጋዝ በልቶት ነበር። ቁስሉ ሲድን ከጥፍሩ ጎን ጀምሮ በሰያፍ እስከ ጣቱ ሆድ የሚወርድ ጠባሳ ጥሎበት ነው የዳነው። ወረቀቱ የታተመው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አሻራው ላይ ሰያፉ መስመር ካለ ጣቱ የሱ ነው። ከሌለ ግን የሌላ ሰው ጣት ነው፣ ወረቀቱም ሐሰት ነው። ቤቱ በዚያች መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ ማለት ነው። አሻራው ደግሞ በሰማያዊ ቀለም የተጨማለቀ፣ የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር ናት። ኮፒው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ይታያል። እህትየው አጉሊ መነጽር ይዛ ሄዳ አይታ «መስመር የለም» አለች። ታላቅየው በዚያው መነጽር አይቶ «አለ» አለ። ሁለቱም ሊያዩ የፈለጉትን ነው ያዩት።

ዳኛው ሰለቻቸው። የባለሙያ ምርመራ ወረፋው ሩቅ እንደሆነ፣ ከዚህ በላይም ቀጠሮ እንደማይሰጡ ተናገሩ። «ጣቱ የሟች አይደለም የምትሉ ከሆነ እስከ ሐሙስ ማስረጃችሁን አቅርቡ። ካልሆነ ቤቱን ታስረክባላችሁ» አሉ። ሰነዱን መዝገብ ቤት ውስጥ፣ ሠራተኛዋ ባለችበት፣ አንድ ጊዜ ፎቶ እንድናነሳ ፈቀዱልን።

እህትየው በዚያው በቀጥታ ፎቶ ቤት መጣች። «ጋሼ፣ ያንተ እጅ ብቻ ነው የቀረኝ» አለችው። እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ብብቷን ይዞ አነሳት።

የባቄላ ፍሬ የምታክል ነገር አግዝፎ የሚያነሳ ሌንስ አለ፤ ማክሮ ይሉታል። እኛ የለንም። የሚያውሰንም አጣን። ባሌ ሁለት ቀን ሌንሶቹን ሲያገላብጥ ከረመና በሦስተኛው ቀን ከመደርደሪያው በፊልም ጊዜ የነበረ አሮጌ ዙም ሌንስ አወረደ።

«ገልብጬ ነው የምሰካው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሌንሱን። ፊቱን ወደ ካሜራው፣ ቂጡን ወደ ወረቀቱ።»

አበደ አልኩ በሆዴ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ! እሱ ግን አስረዳኝ። ሌንስ ማለት ትልቁን ነገር አሳንሶ ካሜራ ውስጥ የሚያስገባ ነው። ቤትን፣ ሰውን፣ ሙሽራን ያሳንሳል። ፊትና ኋላውን ስትገለብጪው ሥራውም ይገለበጣል፣ ትንሹን አግዝፎ ያስገባል። ዙሙም እንደዚያው ተገላባጭ ነው፤ ሩቅ ለማቅረብ በሚዞርበት በኩል ሳይሆን ሰፊ በሚያሳይበት በኩል ስታዞሪው ነው ይበልጥ የሚያገዝፈው። ይህን ሲነግረኝ ዐይኑ እንደ ልጅ አበራ። ስንት ዓመቴ ያንን ዐይን ካየሁት!

የካሜራውን የፕላስቲክ ክዳን መሃሉን በጋለ ቢላ ቀደደው፤ ከተሰበረ ፊልተር የተረፈ ቀለበት አጣበቀበትና ሌንሱን በግልባጩ አሰረው። ያለ ልብስ እንደወጣ ሰው የሌንሱ የኋላ መስታወት ራቁቱን ወደ ውጭ ቀረ። «ይቺን በእጄ ከነካኋት አለቀልኝ» አለ። እንደዚያ የተሰካ ሌንስ በራሱ የሚሠራው ነገር የለም። ጥራቱን የምታስተካክሉት በገዛ ሰውነታችሁ ነው፤ ወደፊት ዘንበል፣ ወደኋላ መለስ እያላችሁ። ከወረቀቱ አራት ጣት ያህል ርቀት ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት የፀጉር ውፍረት አይሞላም። ትንሽ ከተነፈሳችሁ ጉም ነው።

ባሌ ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስድሳ ሊሞላው ነው። ሲፈራ ይብስበታል፣ በዚያ ሳምንት ደግሞ ከመፍራት ሌላ ሥራ አልነበረንም። እህቱ ከነልጆቿ ብትወጣ መግቢያዋ እኛ ዘንድ ነው፣ የኛ ቤት ደግሞ አንድ ክፍልና ፎቶ ቤቱ ነው። ግድግዳውን በክርን ልንገፋው ነው?

መለማመጃው የኔ ጣት ሆነ። አውራ ጣቴን በማኅተም ቀለም እየነከረ ወረቀት ላይ አስተመኝ። ሁለት ክርኑን ከጎድኑ ጋር አጣብቆ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ የካሜራውን መምቻ ሳይለቅ ተተተተ ያደርገዋል። ከሠላሳው አንዱ ይጠራል ብሎ ነው። እኔ ባትሪ ይዤ ከጎን አበራለሁ።

«አትንቀሳቀሺ!»

«እኔ ምን ተንቀሳቀስኩ? የምትንቀጠቀጠው አንተ!»

«ባትሪው ነው የሚንቀጠቀጠው።»

«ባትሪው በራሱ ነዋ የሚንቀጠቀጠው!»

መጀመሪያ ቀን ያገኘነው ሁሉ ሰማያዊ ጉም ነበር። በማግስቱም ጉም። በሦስተኛው ቀን ከመቶ ምናምን ፎቶ አንዷ ወጣች። የገዛ ጣቴ ኮምፒውተሩን ሞልቶ እንደታረሰ ማሳ መስመር በመስመር ተዘርግቶ ሳየው ደነገጥኩ። ይህን ሁሉ ተሸክሜ ስዞር አላውቅም ነበር። ባሌ ጮኸ፣ አቀፈኝ፣ ከዚያ አፍሮ ለቀቀኝ።

መዝገብ ቤቱ የገባነው ረቡዕ ከምሳ በፊት ነው። ጥበቃው ካሜራው የሚቆምበትን ባለ ሦስት እግር ስታንድ በር ላይ ያዘው።

«እግር ያለው ነገር አይገባም» አለ።

«እኛስ እግር የለንም እንዴ?» አልኩት። አልሳቀልኝም።

ውስጥ የብረት መደርደሪያና አቧራ ብቻ ነው። ሠራተኛዋ ሹራቧን ደርባ፣ ዶሴውን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልን። «ፍላሽ ክልክል ነው። ወረቀቱን መንካት ክልክል ነው። ለምሳ ስወጣ ይዘጋል። ሃያ ደቂቃ አላችሁ» አለች። እሷ ክፉ ሳትሆን ሰዓቷ ነበር ክፉው።

ባሌ ጎንበስ ብሎ በካሜራው ሲያይ ጨለማ ሆነበት። መስታወቱን አጸዳ፣ ቀለበቱን ፈታ፣ አሰረ፤ ያው ጨለማ። ሰባት ደቂቃ ከበላ በኋላ ነው የገባው፤ ብርሃን ማስገቢያውን ትናንት ማታ እንዳጠበበው ረስቶት ኖሯል። ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው! ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እጄ እምቢ አለኝ» አለ በሹክሹክታ፣ ካሜራውን ይዞ እንደ ወንፊት እየነቀነቀ።

«ና» አልኩት። ጠረጴዛው ጥግ ተንበረከክሁ። «ክርንህን ትከሻዬ ላይ አድርግ።» ስታንዱን ከከለከሉን እኔ ስታንድ እሆናለሁ። አንድ ክርኑን ትከሻዬ ላይ፣ አንዱን ጎድኑ ላይ አድርጎ ሙሉ ክብደቱን ጣለብኝ። በግራ እጄ ባትሪውን ከወረቀቱ ጎን ያዝሁ። ሠራተኛዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ አየችን፣ ግን ምንም አላለችም። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን። ተተተተተ። ተነፈስን። ደግመን ዋጥን። ትከሻዬ ላይ እጁ ቀስ በቀስ ጸጥ ሲል ይሰማኛል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዚያች ደቂቃ ከጋብቻችን ቀን ይበልጥ ወደድኩት።

ከዚያ የካሜራውን ኋላ ወደ ራሱ አዙሮ፣ አግዝፎ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ።

«ወጣ?» አልኩት።

«ወጣ።»

«ጠራ?»

«ጥርት ብሎ ወጥቷል» አለና ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ከተተው።

ደጅ ስንወጣ ታላቅየው አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፣ ሽማግሌ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መሃል አቁሞ። እኔ መቼም አፌን መያዝ አላውቅም። «ዐይንህን በጨው ያጠብክ ሌባ! የሙት ልጆች ልታባርር! ነገ ጉድህ ይወጣል!» አልኩት፣ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየን። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየኝና «ያሳደግኩት ልጅ ነው። በጣቱ አልዋሽበትም» አለ። ባሌ ክንዴን ይዞ ጎተተኝ። ሁልጊዜም ሰው ፊት ስናገር ያፍራል፣ ያው ልማዱ ነው ብዬ ተከተልኩት።

ፎቶ ቤት ገብተን ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው። ጣቱ ተዘረጋ። መስመሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። መሃላቸውን በሰያፍ ሰንጥቆ፣ ከጥፍር ጎን እስከ ሆዱ፣ ነጭ መስመር ወርዷል። አጉሊ መነጽር አያስፈልገውም። ዕውር ይዳስሰዋል።

አናጢው አትሟል። ያ ጨው ሲገዛ የሚናገር ሰው፣ ቤቱን ከሚስቱ ደብቆ ሰጥቷል። እኔ ደግሞ አሁን በአደባባይ እውነተኛውን ሽማግሌ ሌባ ብዬ ሰድቤ መጥቻለሁ።

«አጥፋው» አልኩ።

«ፎቶውን?»

«መስመሩን! ስንቱን ጠባሳ ስታጠፋ አልነበረም? የማንንም ኮረዳ ፊት ስታስተካክል ኖረህ ለገዛ እህትህ አቃተህ? ሦስት ልጆች ናቸው። የሞተው ሞቷል፣ ሽማግሌውም ቤት አለው።»

«እስር ቤት ነው መጨረሻው።»

«አሁንስ ምን ላይ ያለን መሰለህ?»

ብዙ አልተከራከረኝም። ያ ነው ያስፈራኝ። መነጽሩን አደረገ፣ ብሩሹን አጠበበ፣ ከላይ ጀመረ። ከጎን ያሉትን መስመሮች እየተዋሰ ነጩን ይሞላል፤ የሚታጠፈውን አጥፎ፣ የሚገናኘውን አገናኝቶ። እጁ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ሲጨርስ ጣቱ ሙሉ ነበር፣ መጋዝ ነክቶት የማያውቅ ጤነኛ ጣት። በሕይወቱ ከሠራው ሁሉ የተዋጣለት እሱ ነው። ይህን ስል አፍራለሁ፣ ግን ነው።

እህትየው ከሥራ እየሮጠች ገባች። ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው የምትሠራው፣ እጇ በሳሙና ተልጧል። ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠን ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች። ጣቷን ወደ መስታወቱ አስጠግታ ከላይ እስከ ታች ወረደች። አንዴ፣ ሁለቴ።

«የለም» አለች። «መስመሩ የለም። እሱ አይደለም።»

እልልታዋን ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ የኔ ጌታ» እያለች። እኛን አልነበረም። «ስድስት ወር ሙሉ ስረግመው ነው የኖርኩት፣ እትዬ» አለችኝ። «ለናንተ አምነዋለሁ ብዬ እምላለሁ፣ ለብቻዬ ስሆን ግን አምኜው አላውቅም። ትራሱን እንኳ ከቤት አውጥቼ ጥያለሁ። ንጹሕ ሰው! ይቅር በለኝ!»

ውሃ ሰጠኋት። ጠጣች፣ ዐይኗን ጠረገች፣ ተነሳች። ፊቷ ላይ ሌላ ነገር መጣ።

«ያ ሽማግሌ ግን ይታሰራል» አለች። «ሐሰተኛ ወረቀት ሠርቷል። ነገ ዳኛው ፊት አሳስረዋለሁ። እዚያው እስር ቤት ነው የሚሞተው። ሙት ባሌን በሐሰት አስረግሞኛል!»

ባሌን አየሁት። ፊቱ አመድ ሆኗል። በጠረጴዛው ስር እግሩን ረገጥኩት፣ በኃይል፣ ዝም በል ለማለት። እሱ እግሩን አልሳበም።

«እህቴ፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ» አላት።

«ምነው ጋሼ?»

«ነይ።»

የኮምፒውተሩን አንድ ቁልፍ ደጋግሞ ነካ፣ ቀስ ብሎ። በነካ ቁጥር የሞላው ቦታ እየተነሳ፣ ነጩ መስመር ከታች ወደ ላይ፣ ትንሽ በትንሽ፣ ተመለሰ። ሲጨርስ እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለ። «የተነሳው እንደዚህ ነበር።»

እኔ ጮህኩበት። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፣ ጥሩ ነገር እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። እህትየው አልጮኸችም። የአናጢውን ጣት ብዙ ጊዜ ቆማ አየችው። «አዎ፣ እሱ ነው» አለች። ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ሐሙስ ምንም አላቀረብንም። በሳምንቱ ቅዳሜ እህትየውን፣ ሦስቱን ልጆችና ሁለት አልጋ ፎቶ ቤቱ ውስጥ አስገባን፤ መብራቶቹንና መጋረጃውን አውጥተን ሸጥን። ሽማግሌውን ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም። ስንገናኝ መንገድ እሻገራለሁ።

እህትየው ከወንድሟ ጋር አልተጣላችም። ሻዩን ታቀርብለታለች፣ ሸሚዙን ትተኩስለታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳሉ፣ ካውያውን አቁማ ቀና አለች።

«ጋሼ» አለችው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «ቤቱን ይውሰዱት፣ ግድ የለም። መጀመሪያ ያሳየኸኝን ጣት ግን ለምን አልተውክልኝም?»

ባሌ የያዘውን ብርጭቆ አስቀምጦ ወደ ደጅ ወጣ።